ቍጥር ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ስለ ክሪኬት ወዳጆች ሙግት



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ክሪኬት የሚናገር ጽሑፍ ስታገኙ «ይህ ደግሞ እኛን ምን አገባን? ባገራችን ማን ይጫወተዋል?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። እኛም ይህን ያሰናዳነው ሰው ሁሉ ነገ ተነሥቶ ክሪኬት ይጫወት ለማለት አይደለም። ዐይናችንን የሳበው ከጨዋታው ይልቅ የወዳጆቹ ክርክር ነው። በሙምባይም ሆነ በላሆር፥ በለንደንም ሆነ በሲድኒ፥ በባርቤዶስም ሆነ በኬፕታውን ሁለት የክሪኬት ወዳጆች ሲገናኙ ወሬያቸው ብዙ ሳይቆይ «ከእገሌና ከእገሌ ማን ይበልጣል?» ወደሚል ሙግት ይለወጣል።

ሙግታቸው አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ያደርጉት የነበረውን «በላ ልበልሃ» ያስታውሰናል። አንዱ ይከሳል፥ ሁለተኛው ይመልሳል፤ ምስክር ይጠራል፥ የምስክሩም ቃል ይመረመራል፤ በዙሪያው የቆመው ሰው ደግሞ እየሰማ ይፈርዳል። ልዩነቱ በክሪኬት ሙግት ዋናው ምስክር ቍጥር መሆኑ ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ ዓይነቱ ክርክር የራቅን አይደለንም። «ኃይሌ ይበልጣል ወይስ ቀነኒሳ?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን የሻይ ቤት ጠረጴዛ እንዳሞቀ ሁላችንም እናውቃለን።

ነገር ግን ጕዳዩ ይበልጥ የሚነካን በሌላ በኩል ነው። እኛ ተማሪዎች በየመንፈቀ ዓመቱ በአማካይ ውጤት የምንመዘን፥ በዚያም ቍጥር ሰነፍ ወይም ጎበዝ የምንባል ሰዎች ነን። ስለዚህ የሰውን ሥራ በቍጥር መመዘን የቱ ላይ እውነት፥ የቱ ላይ ሐሰት እንደሚሆን፥ በዚሁ ጕዳይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገቱ ከኖሩ ሰዎች የምንማረው ነገር አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ባጭሩ

ክሪኬት እያንዳንዳቸው 11 ሰዎች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው። በሰፊ የሣር ሜዳ መካከል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፥ ተደልድሎ የጠነከረ መሬት አለ። በዚህ መሬት ጫፍና ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨቶች ይተከላሉ። ወርዋሪው ካንደኛው ጫፍ ተንደርድሮ ክንዱን ዘርግቶ ኳሱን ይለቃል፤ ኳሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ነጥሮ በሌላው ጫፍ ወዳሉት እንጨቶች ይሄዳል። መቺው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ እንጨቶቹን ይከላከላል፤ ሲመቸውም ኳሱን መትቶ ያርቅና በወዲያኛው ጫፍ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል። አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱ መሬት ነክቶ የሜዳውን ወሰን ካለፈ 4፥ መሬት ሳይነካ ካለፈ ደግሞ 6 ነጥብ ይሆናል።

የተወረወረው ኳስ እንጨቶቹን ከመታ፥ ወይም እርሱ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ፥ ወይም እየሮጠ ሳለ ከመድረሱ በፊት እንጨቶቹ በኳስ ከተመቱ መቺው ይወጣል፤ በዚያም ተራ ተመልሶ አይገባም። 10 ሰዎች ሲወጡ የቡድኑ የመምታት ተራ ያበቃል። አንድም ስሕተት ሰውን ለቀኑ ሙሉ ከጨዋታ ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል፥ የመቺ ኑሮ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ኑሮ ነው።

ቴስት የሚባለው የአገሮች ግጥሚያ እስከ 5 ቀን ይፈጃል፤ እያንዳንዱም ቡድን ሁለት ሁለት ተራ ይመታል። የመጀመሪያው ቴስት በማርች 1877 በሜልበርን ተደርጎ አውስትራሊያ እንግሊዝን በ45 ነጥብ አሸንፋለች። ኋላ ደግሞ ለአንድ ቡድን 300 ኳስ፥ ቀጥሎም 120 ኳስ ብቻ የሚፈቀድባቸው አጫጭር ግጥሚያዎች መጥተዋል። በቴስት ዘንድ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ መሬቱ ቀን በቀን ይለወጣል። ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ ኳሱም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይነጥራል፥ ወደ ጎንም ይታጠፋል። ስለዚህ በአራተኛው፥ ማለት በመጨረሻው ተራ መምታት ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የከበደ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው የወዳጆቹን ሙግት ሊከተል አይችልም።

ከምስክሮች ሁሉ የከበደው ምስክር

የመቺ አማካይ የሚወጣው ያገኘውን ነጥብ በተጫወተባቸው ተራዎች በማካፈል ሳይሆን በወጣባቸው ጊዜያት በማካፈል ነው። ሳይወጣ ተራው ካበቃ ነጥቡ ይያዝለታል እንጂ አካፋዩ አይጨምርበትም። በቴስት አማካዩ 50 የደረሰ መቺ ከታላላቆቹ ተርታ ይቆጠራል።

አሁን አውስትራሊያዊውን ዶናልድ ብራድማንን እንመልከት። ከ1928 እስከ 1948 በ52 ቴስቶች 80 ጊዜ ለመምታት ገባ፤ 10 ጊዜ ሳይወጣ ቀረ፤ በጠቅላላው 6,996 ነጥብ አገኘ። ይህ ለ70 ሲካፈል 99.94 ይሆናል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ታላላቆች 60 አካባቢ ላይ ሲቆሙ እርሱ ብቻውን መቶ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። በኦገስት 14 ቀን 1948 በለንደን በኦቫል ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ መቶን ለመሙላት 4 ነጥብ ብቻ ይበቃው ነበር። ኤሪክ ሆሊስ የሚባል የእንግሊዝ ወርዋሪ በሁለተኛው ኳስ ያለ አንዳች ነጥብ አስወጣው።

እዚህ ላይ ተሟጋች ሁሉ አፉን የሚዘጋ ይመስላል። ሆኖም የክሪኬት ወዳጅ ምስክርን ሳይመረምር አይለቅም። «በማን ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዞች በ1932 እና 1933 ክረምት በዳግላስ ጃርዲን አምበልነት ወደ አውስትራሊያ ሲሄዱ፥ ሃሮልድ ላርዉድን የመሰሉ ፈጣን ወርዋሪዎች ኳሱን በመቺው ሰውነት ላይ እንዲያነጥሩ አዘዙ። በዚያ ውድድር የብራድማን አማካይ ወደ 56.57 ወረደ። አንዱ ወገን «አያችሁ፥ ፍርሃት ሲመጣ እንደ ሰው ሆነ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰውን ለመጕዳት በታሰበ ዘዴ ሥር 56 ያገኘ ሰው በዚህ አይነቀፍም» ብሎ ይመልሳል። ቍጥሩ ያው አንድ ሲሆን ሁለት ቃል ይሰጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከማን ጋር?» የሚለው ነው። በፓናማ ተወልዶ በጃማይካ ያደገው ጆርጅ ሄድሊ በ22 ቴስቶች 2,190 ነጥብ በ60.83 አማካይ አገኘ። የዚያ ዘመን የዌስት ኢንዲስ ቡድን ገና ደካማ ስለ ነበር ሸክሙን የሚሸከመው በአብዛኛው እርሱ ብቻውን ነበር። የጦርነቱም ዓመታት የጕልምስናውን ዘመን በሉበት። ጋዜጠኞች «ጥቍሩ ብራድማን» ብለው ጠሩት። የደሴቶቹ ሰዎች ግን «እንዲያውስ ብራድማንን ነጩ ሄድሊ ብትሉት ምን አለበት?» ብለው መለሱ። ይህ መልስ ቀልድ ብቻ አይደለም። መለኪያው ማን እንደ ሆነ፥ ተለኪውስ ማን እንደ ሆነ የወሰነው ማነው ብሎ መጠየቅ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

የ1999 ሁለት ተራዎች

ከ1990 ወዲህ ባለው ዘመን ትልቁ ሙግት ስለ ሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካርና ስለ ትሪኒዳዱ ብራያን ላራ ነበር። ቴንዱልካር በ200 ቴስቶች 15,921 ነጥብ በ53.78 አማካይ፥ ላራ በ131 ቴስቶች 11,953 ነጥብ በ52.88 አማካይ አግኝተዋል። በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወዳጆቻቸው አማካዩን ትተው ወደ ተራዎች ይሄዳሉ፤ ከሁሉም በላይ በ1999 በሁለት ወር ልዩነት ወደ ተደረጉት ሁለት ተራዎች።

የመጀመሪያው በጃንዋሪ መጨረሻ በቼናይ ከተማ ሕንድ ከፓኪስታን ጋር የተጋጠመችበት ነው። ሕንድ በመጨረሻው ተራ 271 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። በ82 ነጥብ 5 ሰዎች ወጡባት። ቴንዱልካር ጀርባውን እያመመው ቆሞ 136 አደረሰ። 17 ነጥብ ብቻ ሲቀር ግን ኳሱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተያዘበት። ከእርሱ በኋላ የቀሩት ሰዎች ያገኙት 4 ነጥብ ብቻ ነው። ሕንድ በ12 ነጥብ ተሸነፈች።

ሁለተኛው በማርች መጨረሻ በባርቤዶስ ዋና ከተማ በብሪጅታውን የሆነው ነው። ዌስት ኢንዲስ አውስትራሊያን ለማሸነፍ በመጨረሻው ተራ 308 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ይኸው ቡድን በዚያው ወር በትሪኒዳድ በ51 ነጥብ ብቻ የወደቀ ነው። በ105 ነጥብ 5 ሰዎች ወጡ። አምበሉ ላራ ግን አልወጣም። ዘጠነኛው ሰው ሲወጣ የቀረው የመጨረሻው መቺ ኮርትኒ ዎልሽ ነበር፤ ይህ ሰው ከታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ ሲሆን በመምታት ረገድ ግን በቴስት ዕድሜው 43 ጊዜ ያለ አንድ ነጥብ የወጣ ነው። ዎልሽ ጥቂት ኳሶችን ተከላክሎ ቆመለት፤ ላራም የመጨረሻውን ነጥብ መትቶ 153 ላይ ሳይወጣ ቀረ። ዌስት ኢንዲስ በአንድ ሰው ብልጫ አሸነፈች።

የላራ ወዳጆች «የኛ ሰው ጨረሰ፥ የናንተው አልጨረሰም» ይላሉ። ይህን ቃል የሰማ ሰው ነገሩ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ግን ምርመራው ይቀጥል። ላራ ለማሸነፍ ጥቂት ነጥብ ብቻ ሲቀረው የመታው ኳስ ወደ አውስትራሊያው ኢያን ሂሊ ሄዶ ነበር፤ ይህ ስመ ጥር ያዥ እጁ አስገብቶ ሊያስቀረው አልቻለም። ያ ኳስ ተይዞ ቢሆን ኖሮ፥ የላራ ተራ ዛሬ «ሳይጨርስ የወጣበት» ተብሎ ይወራ ነበር። እንደዚሁም ከቴንዱልካር በኋላ የመጡት ሦስቱ 17 ነጥብ ቢያገኙ ኖሮ፥ የርሱ 136 ከዘመኑ ድሎች ሁሉ በላይ በተነገረለት ነበር። እንግዲህ አንዱን ጀግና፥ ሌላውን ጕድለተኛ ያሰኘው የሌላ ሰው እጅና የሌሎች ሰዎች ዱላ ነው። ሁለቱም በገዛ እጃቸው ያደረጉት ግን ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበር።

ከዚህ ሙግት አራት ጥያቄዎችን ነቅሰን ማውጣት እንችላለን። በማን ላይ አገኘው? በምን ዓይነት መሬት ላይ? በየትኛው ሰዓት፥ ማለት ነገሩ ሲጠብ ነው ወይስ ሲሰፋ? አጠገቡ የቆመውስ ማን ነበር? ጥሩ ተሟጋች የሚባለው ብዙ ቍጥር በቃሉ የያዘ ሳይሆን እነዚህን አራት ጥያቄዎች በገዛ ወዳጁም በባላንጣውም ላይ እኩል የሚጠይቅ ነው። በራሱ ሰው ላይ የማይጠይቅ ከሆነ ግን ተሟጋች ሳይሆን አዝማሪ ነው።

አምስተኛው ጥያቄ

ከአራቱ በላይ አንድ አምስተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ሊመዘን ዕድል ያገኘው ማነው?» የሚለው ነው። ወደ ሚዛኑ ያልወጣ ሰው ቍጥር የለውም። ቍጥር የሌለው ሰው ደግሞ በሙግቱ ስሙ አይነሣም።

ዌስት ኢንዲስ በ1928 ወደ ቴስት ከገባች ጊዜ ጀምሮ አምበልነቱ እንደ ልማድ የነጮች ነበር። ሄድሊ እንኳ በ1948 ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነው ቡድኑን የመራው። ለምን ቢባል የሚሰጠው መልስ ስለ ችሎታ የተነገረ ይመስል ነበር፤ «ጥቍር ተጫዋች ይመታል፥ ይወረውራል፥ መምራት ግን ሌላ ነው» የሚል። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ይህን ተቃወመ። የባርቤዶሱ ፍራንክ ዎሬል ለሥራው ከሁሉ ይልቅ የበቃ መሆኑን እየዘረዘረ ጻፈ፥ ሕዝቡም አብሮት ጮኸ። ዎሬልም በ1960 አምበል ሆኖ ቡድኑን ወደ አውስትራሊያ መራ። ጄምስ ይህን ታሪክ በ1963 ባሳተመው የክሪኬት መጽሐፉ በሰፊው አትቶታል።

የሆነውን እንመልከት። በዲሴምበር 1960 በብሪዝበን የተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አውስትራሊያ ለማሸነፍ 6 ነጥብ ብቻ ሲቀራት ሦስት ሰዎች በእጇ ነበሩ። ሦስቱም በዌስ ሆል የመጨረሻ ዙር ወጡ፤ የመጨረሻውን ያስወጣው ጆ ሰሎሞን ከጎን ሆኖ አንዱን እንጨት ብቻ እያየ ወርውሮ በመምታት ነው። የሁለቱም ቡድን ድምር 737 ሆኖ እኩል ለእኩል ተለያዩ። በ83 ዓመት የቴስት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህም የተደገመው አንድ ጊዜ፥ በ1986 በማድራስ ብቻ ነው። ዌስት ኢንዲስ ውድድሩን በጠቅላላው 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሆኖም ቡድኑ ሲሸኝ የሜልበርን ሕዝብ በመንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፎ በእልልታ አሰናበተው። «መምራት ሌላ ነው» ያሉት ሰዎች የሚመልሱት አጡ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ አገሮች የውድድር ዋንጫ በዎሬል ስም ተጠርቷል።

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። ባዚል ዶሊቬራ በኬፕታውን የተወለደ፥ በአፓርታይድ ሕግ «ከለርድ» ተብሎ የተመደበ ሰው ነበር። ስለዚህ ምንም ቢችል ላገሩ ሊጫወት አይፈቀድለትም። በ1960 ወደ እንግሊዝ ሄዶ ሠራ፥ ኋላም ለእንግሊዝ ተመረጠ። በኦገስት 1968 በኦቫል ሜዳ አውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አስቈጠረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ቡድን ሲነገር ግን ስሙ አልነበረም። መራጮቹ ምክንያታችን የክሪኬት ብቻ ነው አሉ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ሙግት ከሻይ ቤት ወጥቶ ወደ ጋዜጣና ወደ ፓርላማ ደረሰ። የጠየቀውም ያንኑ ቀላል የወዳጆች ጥያቄ ነው፤ «158 ያገኘ ከቀረ፥ ማን ምን አግኝቶ ተመረጠ?» አንድ ተጫዋች በጕዳት ሲቀር ዶሊቬራ በምትኩ ተጨመረ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አንቀበልም አለ፤ ጕዞውም ተሰረዘ። ደቡብ አፍሪካ ከ1970 እስከ 1991 ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ውጭ ሆና ቆየች።

ይህ ነገር ለአፍሪካውያን እንግዳ አልነበረም። ከዚያ 11 ዓመት በፊት፥ በ1957 በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ፥ ደቡብ አፍሪካ ጥቍርና ነጭ የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጥታለች። ልትጋጠም የነበረው ከኛ ቡድን ጋር ነው። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ወደ ፍጻሜው አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በመዝገቡ ላይ የሚነበበው 4 ለ 0 ብቻ ነው። አፍሪካውያን በአንድነት በሩን የዘጉበት ያ ውሳኔ ግን በየትኛውም አማካይ ውስጥ አይገባም።

ሴቶችም በዚሁ አምስተኛ ጥያቄ ውስጥ ናቸው። ቴንዱልካር በፌብሩዋሪ 2010 በ300 ኳስ ግጥሚያ 200 ነጥብ ሲያደርስ ብዙ ሰዎች «በዓለም የመጀመሪያው» ብለው አወሩ። ሆኖም የአውስትራሊያዋ ቤሊንዳ ክላርክ በዲሴምበር 1997 ዴንማርክ ላይ ሳትወጣ 229 አግኝታ ነበር። «ዴንማርክ እኮ ደካማ ነበረች» የሚል ቢኖር ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን ጠይቋል። ነገር ግን ምስክርን መመርመርና ምስክሩ እንደሌለ መቍጠር አንድ አይደለም። የሴቶች የዓለም ዋንጫም በ1973 ሲጀመር የወንዶቹ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

ሙግትና ድንጋይ

እስከ አሁን የወዳጆቹን መልካም ጎን አሳየን። ክፉውንም ማለፍ አይገባንም። የቼናይን ግጥሚያ መለስ ብለን እንይ። ፓኪስታን ለቴስት ወደ ሕንድ ስትመጣ ከ12 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ጕብኝቱን የሚቃወሙ ሰዎች ገና ሳይጀመር የዴልሂን ሜዳ ቈፍረው አበላሽተውት ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ሕንድ በ12 ነጥብ በተሸነፈችበት ቀን የቼናይ ተመልካች ከመቀመጫው ተነሥቶ ለፓኪስታኖች አጨበጨበ። እነርሱም ሜዳውን ዞረው እጅ ነሡ። ይህ ሕዝብ ቴንዱልካርን ከማንም ይበልጥ የሚወድ ነው። ነገር ግን ለተሻለው ፈረደ።

በሚቀጥለው ወር፥ በፌብሩዋሪ 1999፥ ሁለቱ ቡድኖች በኮልካታ ተገናኙ። ቴንዱልካር ሲሮጥ ከፓኪስታኑ ወርዋሪ ከሾኤብ አክታር ጋር ተጋጭቶ ሳይደርስ ወጣ። ተመልካቹ ተቈጣ፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሜዳ ወረወረ። ቴንዱልካር ራሱ ወጥቶ ለመነ። በመጨረሻው ቀን ሁከቱ ስለ ተደገመ ፖሊስ ሕዝቡን አስወጣ፤ ፓኪስታንም በባዶ ስታዲየም አሸነፈች። የተወረወረው ጠርሙስ ውሳኔውን አልለወጠም። የለወጠው ነገር ቢኖር ወዳጆቹን ከወደዱት ጨዋታ ማስወጣቱ ነው።

ይህን ከ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጋር እናስተያየው። በጁላይ 14 ቀን በለንደን በሎርድስ ሜዳ እንግሊዝና ኒው ዚላንድ እያንዳንዳቸው 241 አግኝተው እኩል ሆኑ። እንደገና ስድስት ስድስት ኳስ ቢሰጣቸው ሁለቱም 15 አግኝተው እንደገና እኩል ሆኑ። በሕጉ መሠረት ኳስን ከወሰን ብዙ ጊዜ ያሳለፈው ቡድን ያሸንፋል ተብሎ 26 ለ 17 ዋንጫው ለእንግሊዝ ተሰጠ። በየአገሩ ያለ የክሪኬት ወዳጅ ተነሣ። «ሩጦ የተገኘ ነጥብ ወሰን ካለፈ ነጥብ በምን ያንሳል?» ብሎ ጠየቀ። ድንጋይ አልተወረወረም፤ ኒው ዚላንዶችም ፍርዱን በጨዋነት ተቀበሉ። ከብዙ ትችት በኋላ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ያን ሕግ ሻረው። ድንጋይ ስታዲየሙን ባዶ ሲያስቀር፥ ሙግት ሕጉን አስለወጠ።

ለኛ ምን ይረባናል?

ውድ ጓደኞቻችን፥ ቍጥርን እንናቅ የሚል ሰው ቢኖር እኛ ከርሱ ጋር አይደለንም። ቍጥር ባይኖር ኖሮ ዶሊቬራ በምን ይሟገት ነበር? «ወደድነው፥ ጠላነው» በሚባልበት ቦታ ደካማው ወገን የሚይዘው 158 የሚል ቍጥር ብቻ ነው። ቍጥር ያድላዊን ሰው አፍ የሚያስይዝ ደኅና ምስክር ነው። ነገር ግን ምስክር ቃሉን ይሰጣል እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይፈርድም። ፍርዱ ጥያቄ መጠየቅን ይሻል፤ ያም የኛ ፋንታ ነው።

እንግዲህ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የጓደኛችንን ውጤት አይተን «እገሌ ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት አምስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። መጻሕፍት ቤት ከሌለው ትምህርት ቤት የመጣ፥ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር፥ የትምህርቱን ቋንቋ እዚህ ከደረሰ በኋላ ያጠናከረ ተማሪ ያገኘው 60፥ ሁሉ ተሟልቶለት ያደገ ተማሪ ካገኘው 80 ጋር በምን መሬት ላይ እንደ ተገኘ እንመርምር። ይህን ስንል 60ው 80 ይሁን ማለታችን አይደለም፤ የብራድማን 99.94 እንኳ ለ4 ነጥብ ብሎ መቶ አልተባለም። ቍጥሩ እንዳለ ይጻፍ፤ ሰውየው ግን በቍጥሩ ብቻ አይፈረድበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚህ ግቢ ሳይደርስ፥ ቍጥር እንኳ ሳይኖረው የቀረውን ወንድማችንንና እኅታችንን አንርሳ።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ሯጮቻችን ወይም ስለ እግር ኳስ ስንሟገት ደግሞ የቼናይን ሕዝብ እናስብ። የኛ ሰው ተሸንፎ ሌላው ተሽሎ ከተገኘ ተነሥተን እናጨብጭብ። ማጨብጨቡ የኛን ሰው ከነበረበት አያሳንሰውም።